በሬው አንድ፣ መንፈቁ ስምንት



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ እዚህ ሶዶ ከተማ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ አባት በር ላይ ጠብቀው ያዙን። ነዋሪነታቸው በቦዲቲ መንገድ ዳር ካለች የገጠር ቀበሌ ነው። ልጃቸውን በልጅነቱ ቁርኣን ያቀራነው እኛ ስለሆንን እንተዋወቃለን። ልጁም አብሯቸው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

“ኡስታዝ፣ ላማክርህ ነው የመጣሁት” አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከ50 በመቶ በታች አምጥቷል። አንድ የግል ኮሌጅ የላከው ሰው ደግሞ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ “ውጤቱ ችግር የለውም፣ በዲግሪ እንመዘግበዋለን፤ የትምህርት ክፍሉ ፈቃድም በሂደት ላይ ነው” ብሏቸዋል። እሳቸውም ለምዝገባውና ለመጀመሪያው መንፈቅ ያደለቡትን በሬ ሊሸጡ ተነሥተዋል። ለቀሪው ከእንሰቱ ጓሮ በታች ያለችውን ማሳ ለጥቂት ዓመታት ኮንትራት ሊሰጡ አስበዋል። “መሬቱ የአባቴ ነው፤ ነገር ግን የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ? ያዋጣል ትላለህ?” አሉን።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የእኚህ አባት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች “አሁንስ ልጃችንን የት እንውሰደው?” እያሉ ይጨነቃሉ ማለት ነው። የተጨነቀ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይታለላል።

መልስ ከመስጠታችን በፊት የራሳችን ጥፋት ትዝ አለን። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን ስለ ልጃቸው ሲያማክሩን፣ የኮሌጁን ፈቃድ ሳንጠይቅ፣ “ትምህርት ከሆነ ምን ያሳስባል? ይላኩት” ብለን ነበር። ልጁ ተምሮ ጨረሰ፤ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሥራ ሲጠይቅ ግን ወረቀቱ እውቅና የለውም ተባለ። እናቱ እስከ ዛሬ በሰላምታ ያልፉናል እንጂ አንድ ቀን ወቅሰውን አያውቁም። ዝምታቸው ከወቀሳ ይከብደናል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ቸኩለን አልመለስንም፤ ቤታችን ወስደን ቡና አስፈልተን ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣን።

መጀመሪያ ወጪውን ጻፍን። የዲግሪ ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ አራት ዓመት ስምንት መንፈቅ ነው። በሬው ግን አንድ ነው። በላዩ ላይ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት አለ። ልጁ በአራቱ ዓመት ውስጥ ሠርቶ ያገኝ የነበረውም ከወጪው ይቆጠራል። እንደሚታወቀው በወላይታ መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ ነው፤ ማሳዋ ከተያዘች ቤተሰቡ ምን ይበላል? ወለድ ተበድሮ ማስተማርማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ሐራም ከመሆኑም በላይ ልጁ ሥራ ሳይይዝ ዕዳው ይወልዳል።

ቀጥሎ ትርፉን ጻፍን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የመውጫ ፈተና፣ ከተፈተኑት መካከል ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች 62.37 በመቶው ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶው ብቻ ናቸው። ጠንቅቀው የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን አናይም። ሆኖም ከፍሎ መማርና ዲግሪ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ቁጥር ያስረዳል።

“ታዲያ ኮሌጅ አያዋጣም ልትለኝ ነው?” አሉ አባት።

“የለም አባቴ፣ እንደሱ አላልንም” አልናቸው። እኛም ከመድረሳው ቀጥለን በኮሌጅ ባንማር ኖሮ ዛሬ ሰሌዳ ፊት ባልቆምን። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች፣ በትምህርት ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ዓመት የሰውን ገቢ በአማካይ ወደ 9 በመቶ እንደሚያሳድግ ያሳያሉ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት ሐዋሳና ጅማ ይሄድ የነበረው የአካባቢው ወጣት በደጁ ተቋም አገኘ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት አሠራር፣ ተማሪው ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል እንጂ አባቱ በሬ አይሸጥም። ስለዚህ ጥያቄው “ኮሌጅ ያዋጣል ወይ?” ብቻ መሆን የለበትም። የትኛው ኮሌጅ፣ ለየትኛው ልጅ፣ በማን ኪሳራ? ብለን እንጠይቅ።

የትኛው ኮሌጅ ለሚለው፣ “ፈቃድ በሂደት ላይ ነው” የሚለውን ቃል ፈጽሞ አትቀበሉ። እውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ የሚሰጠውም ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ እውቅና ስላለው ሶዶ ያለውም አለው ማለት አይደለም። አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ከ50 በመቶ በታች ላመጣ ልጅ ደግሞ ሚኒስቴሩ የመቁረጫ ነጥብ እያወጣ የሚያስገባበት የማካካሻ፣ ማለትም የሪሚዲያል ትምህርት አለ። በዚያ ሳያልፍ “በቀጥታ በዲግሪ እንመዘግባለን” የሚላችሁን ሰው ተጠራጠሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለየትኛው ልጅ የሚለው ላይ ስንደርስ ወደ ልጁ ዞረን፣ “አንተስ ምን ትፈልጋለህ?” አልነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ቀና አለና፣ ክረምቱን ከአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት ሽቦ ሲዘረጋ እንደከረመ፣ ሥራውንም እንደወደደው ነገረን። አባትየው ደንግጠው፣ “ሰው ምን ይላል? አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ገመድ ጎታች?” አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ብዙውን ገንዘብ የሚያስወጣን ይህቺ “ሰው ምን ይላል” ናት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደረጃ በደረጃ ሠልጥኖ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ በእጁ ሐላል የሚበላ ወጣት በምን ያፍራል? ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ጥሩር እየሠሩ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ በማን ኪሳራ የሚለው፣ ከሁሉም የከበደው ነበር። ቤት ውስጥ 11ኛ ክፍል የደረሰች፣ ከክፍሏ በሒሳብ የምትመራ ታናሽ እህት አለች። ማሳዋ ኮንትራት ከተሰጠች እሷ ትምህርቷን ትታ ከእናቷ ጋር ገበያ ልትውል እንደሆነ አባትየው በዝቅተኛ ድምፅ ነገሩን። በወረቀቱ ላይ ከጻፍነው ወጪ ሁሉ ትልቁ ይህ ሆኖ ሳለ ቀድሞ ያልተጻፈው እሱ ነበር። ስንቱ ቤት የወንዱ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ በእህቱ ደብተር ተከፍሎ ይሆን?

ለጀመዓችንም አንድ አደራ አለን። በወሎ እነ ዳናና እነ ጌታ ደረሳውን ሲያስተምሩ፣ የቀለቡን ሸክም የአካባቢው ሕዝብ ይጋራ ነበር፤ የአንድ አባት በሬ ብቻ አይሸጥም ነበር። ለቀብር ዕድር ያቋቋምን ሰዎች፣ ፈተናውን አልፎ ለመሳፈሪያና ለደብተር ያጣ ልጅ ያለ ወለድ የሚበደርበት ትንሽ ሣጥን ማቋቋም እንዴት ያቅተናል?

እኚያ አባት የዚያን ዕለት ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጡን ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ ልጁን ከተማ ውስጥ አገኘነውና በሙያ ማሠልጠኛ በኤሌክትሪክ ሥራ መመዝገቡን ነገረን። እናቱ ለጊዜው ቅር ብሏቸዋል፤ እሱም የማካካሻውን ነገር ገና ከልቡ አላወጣም። ጥሩ መረጠ ወይስ አልመረጠም የሚለውን ጊዜ ያሳየናል፤ አላህ ያግዘው።

“በሬውስ?” አልነው።

“አባዬ አልሸጠውም” አለና ፈገግ አለ። “የእህትሽ ነው፣ ውጤቷ እስኪመጣ ይቆያል እያለ ራሱ ያጭድለታል።”

ወቢላሂ ተውፊቅ።