መጥረጊያ ጨርቁን እንተወው

በክፍለ ሀገር ከተማ ያደገ ሰው ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። ሞተረኛው ጠዋት ከቤት ሲወጣ ከመቀመጫው ሥር አንዲት ጨርቅ ይመዝና የፊት አሞርዛተሩን ሁለት እግሮች ይጠርጋል። የሚጠርገው ዘይት ነው። ማታ ሲመለስ ደግሞ ይጠርጋል። "ምን ሆኖ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት፣ "ኧረ ምንም አይደል፣ ትንሽ ያልበዋል" ይላችኋል።

ታላቅ ወንድሜም እንደዚሁ ይል ነበር። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት በሄድኩበት ሰሞን ግን ያ "ላብ" ቀስ በቀስ ወደ ፊት ፍሬኑ ወርዶ ኖሮ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ አልቆም አለው። ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ልጅ ለጥቂት ተረፈች። ወንድሜ የዚያን ቀን ራቱን አልበላም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አሞርዛተር ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ መጥረግ ጥገና አይደለም። ኦይል ሲሉ መቀየር አለበት። ቅያሪውን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? የፊት አሞርዛተር ማለት አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ዕቃ ነው። በውስጡ ሞላና ዘይት አለ። ሞላው የጉድጓዱን ምት ይቀበላል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች እያለፈ ሞላው እንዳይነጥር ያረጋጋዋል። ያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው በታችኛው ቱቦ አፍ ላይ የተቀመጠ አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ኦይል ሲል የምንለው ይኸንኑ ነው። ከእሱ በላይ አቧራ የሚከላከል ሌላ ጎማ አለ። በእኛ መንገድ ላይ የደረቀ ጭቃ በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ከጎማው ሥር እየገባ ከንፈሩን ይበላዋል። ቱቦው ከዛገ ደግሞ ዝገቱ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ዘይቱ ሲጎድል የፊት ጎማው ይነጥራል፣ መሪው ይረበሻል። ባለ ዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በእግሩ ወርዶ ሸራውን ያርሰዋል። ያኔ ፍሬን አለኝ ማለት ዘበት ነው።

ወንድሜ ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ ወስዶት ነበር። እዚያ የቀየሩለት የአንዱን ጎን ብቻ ነው። ዘይቱንም በዓይን ግምት፣ ያውም የሞተር ዘይት፣ ጨምረው መለሱለት። ሁለት ወር ሳይሞላ ጨርቋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ "ራሳችን እንሞክረው" ተባባልን።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞከርን። የአቧራ መከላከያውን ከፍ አድርገን፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ የቆረጥነውን ስስ ፕላስቲክ ከጎማው ሥር አስገብተን ዙሪያውን ቆሻሻ ጠራረግን። አንዳንዴ የሚያፈሰው በቆሻሻ ብቻ ስለሆነ በዚህ ይቆማል። የእኛው ግን አልቆመም፤ ጎማው ተበልቷል።

ከዚያ መፍታት ጀመርን። ሞተሩ ገና በጎማው ቆሞ ሳለ የላይኛውን ማሰሪያ አላልተን፣ የአሞርዛተሩን ክዳን በትንሹ ፈታ አደረግን። ይህ ካልተደረገ በኋላ ክዳኑ ያስቸግራል። ፊቱን አንስተን በደንብ ካስደገፍን በኋላ ጎማውን አወጣን፤ ከታች ያለውንም ቡሎን ሞላው እንደተጫነው አላላነው። ሞላው ከወጣ በኋላ ቡሎኑ በባዶ እየተሽከረከረ ያለቅሳችኋል። ክዳኑን ጨርሳችሁ ስትከፍቱ ደግሞ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፤ ሞላው ይፈናጠራል።

ዘይቱን አፍስሰን፣ የሽቦ ቀለበቱን አውጥተን፣ ሁለቱን ቱቦዎች ደጋግመን ስንስባቸው አሮጌው ሲል ወጣ። ቱቦው ላይ የነበረችውን ጭረት በስስ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስናት። አዲሱ ሲል በቱቦው ጠርዝ እንዳይቆረጥ ጫፉን በፌስታል ሸፍነን፣ ከንፈሩን ዘይት ቀብተን አስገባነው። ልክ በሆነ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ ቀስ እያልን ወደ ቦታው መታነው። የአሞርዛተር ዘይቱን በማኑዋሉ መጠን፣ ለሁለቱም ጎን እኩል፣ በሲሪንጅ እየለካን ሞላን። ዘይት የጠጣው የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይድንምና አዲስ አስገባን፤ ዲስኩንም አጸዳን። ከመንዳታችን በፊት የፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመን ጨመቅነው። ቀኑን ሙሉ ወሰደብን፤ እናታችን ቡናውን ሦስት ጊዜ አሞቀችው።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው "የሜካኒኩን እንጀራ ትዘጋላችሁ" የሚለው ነው። ይህ አያሳምነኝም። ሜካኒክ የሚጠላው የሚያውቅ ደንበኛን ሳይሆን ሞተሩ ከተሰባበረ በኋላ ይዞ መጥቶ "በርካሽ ሥራልኝ" የሚለውን ነው። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ "ፍሬንና መሪ አካባቢ ያልሠለጠነ ሰው መንካት የለበትም" ይላል። እውነት አለው። ቱቦው ከተጣመመ፣ ሽፋኑ ከተላጠ ወይም የታችኛው ቡሎን እንቢ ካለ ግትርነት አያስፈልግም፤ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው። ጥብቀቱን ሳያረጋግጥ የሚነዳም ከእኛ ወገን አይደለም።

ነገር ግን አንዴ ከፍቶ ያየ ሰው ጋራዥ ሲሄድም እንደ ድሮው አይሄድም። "ሁለቱንም ቀየርክ? ዘይቱን ለካኸው? ሸራውንስ አየኸው?" ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ ከዳነው ገንዘብ ይልቅ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። ወንድሜ የተታለለው ገንዘብ ስላልነበረው አይደለም፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ስላላወቀ ነው።

አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። አሞርዛተራችሁ "ካላበው" ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጨርቋ ለመስታወቱ ትሁን።