የማይለቅ የአንገት ህመም

ሲሬ ላይ አንገቱን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ብርድ መትቶህ ነው» የሚለውን ነው። ቅቤ ይቀባል፤ ካልተሻለው ወጌሻ ይጠራል። አብዛኛው የአንገት ህመም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃልና ክፋት የለውም። ዛሬ የማነሳላችሁ የማይለቀውን ነው።

አዳዳዬን (ወለጋ ላይ የአባት እህት እንዲህ ትባላለች) አንገታቸውን ሁለት ወር አመማቸው። ቀን ቀን ይችሉታል፤ ሌሊት አያስተኛቸውም። ዞር ብለው ለማየት መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ሳል ስላልነበራቸው ቲቢን ያሰበ አልነበረም። ወጌሻው ሊያሽ ሲመጣ ልጃቸው «እማዬ ቀኝ እጇ ዕቃ እየጣለ ነው፤ መጀመሪያ ትመርመር» ብላ መለሰችውና ነቀምቴ ወሰደቻቸው። ጎበዝ ልጅ ናት።

የተገኘው የአንገት አከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ከሳንባ በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት «የፖት በሽታ» ይባላል። በብዛት የሚይዘው የጀርባና የወገብ አከርካሪን ነው፤ አንገት ላይ ብዙም አይታይም። ሲወጣ ግን አጥንቱን እየበላ ህብለ ሰረሰርን ይጫናል፤ እጅና እግርም ይዝላል። እንዲህ የተቦረቦረ አንገት ታሽቶ ቢጠመዘዝ ምን እንደሚከተል አስቡት።

የአክታ ምርመራ ነጻ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ራጅም ዘግይቶ ነው የሚያሳየው፤ ኤም አር አይ ይቀድመዋል። ሲቻል ከቦታው ናሙና ተወስዶ በጂን ኤክስፐርት ይታያል። የቤተሰቡን ኪስ የሚጎዳው ኤም አር አዩና መንገዱ ነው፤ የቲቢ መድኃኒትማ በነጻ ይሰጣል።

ሕክምናው 12 ወር ነው፦ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 10 ወር ሁለት ዓይነት። አንገት ላይ ድጋፍ ይታሰራል፤ ህብለ ሰረሰር ከተጫነ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሽንት ብርቱካናማ ይሆናል፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጡ። ዓይን ከደበዘዘ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር። አስቸጋሪው ጊዜ ህመሙ የሚለቅበት ነው። አዳዳም በአራተኛው ወር «ድኛለሁ፣ ይብቃኝ» ብለው ነበር። ልጃቸው በየጠዋቱ ኪኒኑን ከቁርስ በፊት በእጇ እያቀረበች አስጨረሰቻቸው።

ጎረቤት ኩባያቸውን ለይቶ ነበር። ሳንባን ያልነካ የአጥንት ቲቢ ግን አብሮ በመብላትም ሆነ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ የልጅ ልጆቻቸውን ማቀፍ ይችላሉ። ለልጆቹ የሚሰጠው ወተት ግን ይፈላ፤ የከብት ቲቢ ወደ ሰው የሚገባው ባልፈላ ወተት ጭምር ነው።