ቤቱ ቢቸና፣ ጭንቀቱ አዲስ አበባ

ሰሞኑን የደረሱኝ ሁለት ደብዳቤዎች እንደ ወትሮው ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ አይደሉም። ስለ ቤት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ የቢቸና ልጅ፣ ሌላዋ የሞጣ ልጅ ነች። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ አገር ቤት ደግሞ የራሳቸውን ቤት አከራይተዋል። እዚህ ተከራይ፣ እዚያ አከራይ! ይኸም አለ ለካ።

የቢቸናው ልጅ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አባታችን ሲሞት ለእኔና ለእህቴ ባለ አራት ክፍል ቤት ተወልን። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አከራየነው። በቅርቡ አንድ ጎረቤት ደውሎ፣ ተከራይዋ ጓዳ ውስጥ አረቄ እያወጣች መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤቱ የተቃጠለ ይመስለኛል። ኢንሹራንስ ልገባ ነው። የትኛው ኩባንያ ይረክሳል?»

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ጥያቄውን ግን ከጅራቱ ነው የያዝከው። ስለ ርካሽነቱ ከመጠየቅህ በፊት «ምን ምኑን አይከፍልም?» ብለህ ጠይቅ። ሰው ሁሉ የፖሊሲውን የፊት ገጽ አይቶ ይፈርማል። ቤት ተቃጥሎ ካሳ ሲጠየቅ የሚነበበው ግን «ይህ ፖሊሲ የማይሸፍነው» የሚለው ገጽ ነው።

በዚህ ነገር እንግዳ መሆንህ አይግረምህ። ከወላጆቻችን አልወረስነውማ! የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየቱም ቀረ። የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ታዲያ አባትህ ቤት አከራይቶ ኢንሹራንስ መግባትን ከየት ተምሮ ያስተምርህ?

አሁን ወደ ቤትህ እንግባ። መነሻው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ኩባንያው ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይጠይቅሃል። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። ጭቃውን «ብሎኬት»፣ አረቄ የሚወጣበትን «መኖሪያ ቤት ብቻ» ብሎ ያስሞላል፤ ክፍያው እንዲቀልለት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን ኢንሹራንስ የገባ ሰው የሚያውቀውን ነገር በእውነት እንዲናገር፣ በኋላም አደጋውን የሚያብስ ለውጥ ሲመጣ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። (የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻል የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም።) ሆን ብለህ ከደበቅክ ኩባንያው አልከፍልም ሊልህ ይችላል። ያን ጊዜ ስትከፍል የኖርከው ገንዘብም፣ ቤቱም የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከተከራይዋ ጋር ተነጋገር። ሴትዮዋ እንጀራዋን ነው የምታበስለው፤ በቁጣ አትጀምር። ከቤቱ ራቅ ያለ ማድቤት ሥራላት፤ ወይም ሥራው እንዲቆም ተስማሙና በጽሑፍ አድርጉት። ለኩባንያውም እንዳለ ንገር። ክፍያው ቢጨምር ይጨምር። ጭቃ ቤት አልቀበልም የሚል ኩባንያ ቢያጋጥምህም ሌላውን ጠይቅ፤ ውሸት ግን አትሙላ።

ቀጥሎ ዋጋው ነው። ኢንሹራንስ የምትገባው ቤቱን ነው እንጂ ቦታውን አይደለም። መሬት አይቃጠልም። ስለዚህ «ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ዛሬ እንደገና ልሥራው ብል ስንት ይፈጅብኛል?» በል። እንበል፣ ቤቱን መልሶ ለመሥራት 2 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። አንተ ክፍያ ለመቆጠብ በ1 ሚሊዮን አስመዘገብከው። ከዚያ እሳት ተነስቶ የ600 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ፣ 600 ሺው የሚከፈልህ ይመስልሃል? የለም፤ 300 ሺህ ብቻ ነው። ግማሹን ዋስትና ስለገባህ የጉዳቱም ግማሽ ይሰጥሃል፤ ሕጉ እንዲህ ነው የሚያሰላው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በተገመተ ዋጋ የተቀመጡ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ እንደሆነ እነሱን አይጠብቅም። በእድሳት ቁጥር ግምቱን አስተካክሉ።

ደግሞ ግድግዳው ተደርምሶ ሰው ቢጎዳስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077፣ አንድ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል። አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ቢቸና ላይ ባለዕዳ ትሆናለህ ማለት ነው። ለዚህ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን ጠይቅ። ቤቱ ተቃጥሎ እስኪጠገን የሚቀርብህን ኪራይ የሚሸፍን ተጨማሪ ውልም አለ፤ እሱንም ጠይቅ። ተከራይ አልከፍልም ሲል ግን ያ ሌላ ጣጣ ነው፤ የእሳት መድን አይመለከተውም። የተከራይዋ አልጋና ቁም ሳጥንም በአንተ ኢንሹራንስ ውስጥ የሉም። ይህን አስቀድመህ ንገራት፤ በኋላ እንዳትቀያየሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርታው አሁንም በሟቹ አባታችሁ ስም ነው? እንግዲያው ከእህትህ ጋር የወራሽነት ማስረጃ አውጡና ስሙን አዛውሩ። ካሳ ሊከፈል ሲል «ባለቤቱ ማነው?» የሚል ክርክር መጀመር የለበትም።

የሞጣዋ ልጅ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። «እናቴ የተወችልኝ ቤት ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው። ተከራዩ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ እንደ ወንድም ነው የማየው። የ2012ቱን ነገር አልረሳሁትም። እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣ ኢንሹራንስ ይከፍለኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ በመስጊዶችና በሙስሊም ነዋሪዎች ሱቆች ላይ ቃጠሎና ዝርፊያ መድረሱን አገር ሁሉ ሰምቶ አዝኗል። ቁርጡን ልንገርሽ። ተራው የእሳት መድን ከምድጃ ለተነሳ እሳት ይከፍላል፤ በሁከትና በብጥብጥ ለተነሳ እሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ጦርነትማ ጨርሶ የተገለለ ነው። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ ኩባንያው የሚጠይቀው ግን «ማን ለኮሰው?» ብሎ ነው። ለሁከቱ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለ፤ «የፖለቲካ ሁከትና ሽብር» ይሉታል። ኩባንያው ግን የአካባቢውን ሁኔታ አይቶ ሊያስወድደው፣ ወይም አልሸጥም ሊል ይችላል። በተለይ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ይህ ሊያስገርምሽ አይገባም። ቢሸጡልሽ የትኛው ግጭት «ሁከት»፣ የትኛው «ጦርነት» እንደሚባል በጽሑፍ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። የወኪል የአፍ ቃል ካሳ አይሆንም።

ባይሸጡልሽስ? ያን ጊዜ ቢያንስ ሳትታለይ ታውቂዋለሽ። ከኪራዩ በየወሩ ጥቂት ለብቻው ባንክ አስቀምጪ። ተከራይሽም ለዕቃው የራሱን ኢንሹራንስ ይጠይቅ። ለወንድምነቱም ዋጋ ስጪው፤ የክፉ ቀን ጎረቤት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

ለሁለታችሁም፦ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ከሰጣቸው ኩባንያዎች የሁለት ሦስቱን ዋጋና ውል አነጻጽሩ። የቤቱን ፎቶግራፍ በየክፍሉ አንሱና ከፖሊሲው ቅጂ ጋር ከቤቱ ውጭ አስቀምጡ፤ አብሮ የተቃጠለ ማስረጃ አይጠቅምም። ክፍያው የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። አደጋ ከደረሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስም ለኩባንያውም አሳውቁ።

የቢቸናው ልጅ፣ ዛሬ ማታ ግን ለኩባንያው ሳይሆን ለተከራይህ ደውል። ስለ ማድቤቱ ተነጋገሩ። እንቅልፍህ የሚመለሰው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!