ያልተመዘገበ ሁሉ ያልታወቀ አይደለም

«በእገሌ አገር ከዚህ በፊት ያልታወቀ የእንጉዳይ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና አልፎ አልፎ እንሰማለን። ዜናው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ «ተገኘ» የሚለው ቃል ሊመረመር ይገባዋል። ማን አገኘው? አዲስ የሆነውስ ለማን ነው? ነገ ወደየገጠሩ ተበትነን የምናስተምር እጩ መምህራን ይህን ጥያቄ ቸል ልንለው አይገባም እላለሁ። ምክንያቴንም ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

በመሠረቱ «አዲስ» የሚባለው እንጉዳይ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕዝቡ በስሙ የሚጠራው፣ መዝገብ ግን የማያውቀው ነው። ሁለተኛው በእጃችን እያለ ከሌላው ሳንለየው የቆየ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለአፈሩም ለሰዉም በእርግጥ አዲስ የሆነ፣ ከሌላ አገር የገባ ነው። እነዚህን ሦስቱን አደባልቆ ማየት ያሳስታል።

ለአንደኛው ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ዛምቢያ ናት። በዚያ አገር ዝናብ ሲጥል ከምስጥ ጎጆ የሚወጣ እጅግ ትልቅ እንጉዳይ አለ። ባርኔጣው ሰፌድ ያህላል፣ ሲበዛም እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል። አበቃቀሉም ያስደንቃል። ምስጦቹ እንጨትና ደረቅ ቅጠል በልተው በሚያወጡት ኩስ የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። በዚያም ላይ ፈንገሱን ያለማሉ። ፈንገሱ ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ያልምላቸዋል፣ እነሱም መልሰው ይመገቡታል። የዝናብ ወራት ሲመጣ ፈንገሱ ከኩይሳው ወደ ላይ ወጥቶ እንጉዳይ ሆኖ ይታያል። ሕዝቡም ለቅሞ ይበላዋል፣ በመንገድ ዳር አውጥቶም ይሸጠዋል።

ታዲያ ይህ እንጉዳይ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው መቼ ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1980 ነው! በዚያ ዓመት ፔግለርና ፒርስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ተርሚቶማይሰስ ቲታኒከስ» ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ ሰፌድ የሚያህል፣ ገበያ የወጣ፣ በየድስቱ የገባ ነገር ነው። ተሰውሮ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ የጎደለው የሚጽፈው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ አገር የኪው ዕፀዋት ማዕከል ተመራማሪዎች፣ ለንደን ውስጥ የተገዛ አንድ እሽግ የቻይና ደረቅ እንጉዳይ ፈትተው 15 ቁራጮችን በዲኤንኤ መረመሩ። ሦስት ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ከሦስቱ አንዱም ሳይንሳዊ ስም አልነበረውም። ሰው ገዝቶ ወጥ የሚሠራበት ነገር ነው እኮ! ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የፈንገስ ዝርያዎች 155,000 ያህል ሲሆኑ፣ በግምት ግን 2.5 ሚሊዮን ያህል አሉ። እንግዲህ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው ገና ስም የለውም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ጨዋታ አይደለም፣ ሕይወት ያጠፋል። በአውሮፓ ደኖች የሚበቅል «አማኒታ ፋሎይደስ» የሚባል ገዳይ እንጉዳይ አለ። ይህ እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ ከአውሮፓ ከተወሰዱ ዛፎች ጋር አብሮ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ገብቷል። ለአገሩ ባዳ፣ ለሰዉም እንግዳ ነው። በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ይህንኑ የበሉ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ከእስያ የሄዱ ሰዎች በአገራቸው ከሚያውቁት የሚበላ እንጉዳይ ጋር እንደሚያምታቱት ተጽፏል። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በመካከል የተሻለው ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ጉበት እየተጎዳ ነው። እዚህ ላይ የአያት ዕውቀት ብቻውን አያድንም። አያት የምታውቀው የራሷን አገር እንጉዳይ ነውና።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም ዘንድ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጽድና ፓይን ከውጭ መጥተው ኰረብታውን ሸፍነውታል። ከዛፎቹ ሥር በክረምት የሚበቅለውን ሁሉ ማን ይመዘግበዋል? እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተሠራው ታላቅ ሥራ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት በብዙ ጥራዝ ታትመዋል። እንጉዳይ ግን ከዕፀዋት ወገን ስላልሆነ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። አረንጓዴ ቀለም የለውም፣ ምግቡንም ከፀሐይ አያዘጋጅም። በእርግጥ የተጀመረ ነገር አለ፤ ለምሳሌ በአሶሳ ዞን በመንጌ ወረዳ ሕዝቡ ስለ እንጉዳይ ያለውን ዕውቀት የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ነገር ግን ስንት ወረዳ አለን? በአማርኛ እንኳ «እንጉዳይ» ብሎ የሚለቅም እንዳለ ሁሉ «የጅብ ጥላ» ብሎ በእግሩ ረግጦ የሚያልፍም አለ። በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ያሉት ስሞች ደግሞ ስንት ይሆኑ?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛ ማይክሮስኮፕ የለን፣ ዲኤንኤ አንመረምር!» ይላሉ። አልስማማም። የዩኒቨርሲቲው ሰው ማይክሮስኮፕ አለው፣ ነገር ግን በአንድ ክረምት በየቀበሌው ሊገኝ አይችልም። እንጉዳይ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ዛሬ ወጥቶ ከነገ ወዲያ ይበሰብሳል። በየቀበሌው የሚገኘው መምህር ነው። ናሙና ካልተላከለት ማይክሮስኮፑስ ምን ያያል?

ሥራውም ከባድ አይደለም። እንጉዳዩን ከሥሩ ቆፍሮ ማውጣት እንጂ ገንጥሎ መውሰድ አይገባም፤ ገዳዩን እንጉዳይ የሚያሳብቅበት ከረጢት ከአፈር ሥር ነውና። ቀጥሎ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የበቀለበትን ዛፍ ወይም ኩይሳ፣ ቀለሙንና ሽታውን መጻፍ ነው። የእጅ ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳ። ከዚያም ባርኔጣውን ቆርጦ ግማሹን በነጭ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ ደፍቶ፣ በብርጭቆ ከድኖ ማሳደር ነው። ጠዋት በወረቀቱ ላይ ዱቄት የመሰለ ምልክት ይገኛል። የዱቄቱ ቀለም ነጭ ወይም ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር መሆኑ ወገኑን ለመለየት በጣም ይረዳል። ሌላ ናሙና በቀስታ አድርቆ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ነው። በፌስታል የታሰረ ግን ይበሰብሳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ማንም ተማሪ አይቅመስ! ከነካም በኋላ እጁን ይታጠብ። የምንመዘግበው ለማወቅ ነው፣ ለመብላት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ናሙናውን ያሳየው እረኛ ወይም ያስረዱት እናት የሚጠሩበት ስም በቋንቋቸው እንዳለ ይጻፍ። ይበላል ይሉ እንደሆነ፣ ይገድላል ይሉ እንደሆነም ይጻፍ። ገጠር የሚገባ መምህር «ምንም የማያውቁትን ላስተምር መጣሁ» ብሎ ከጀመረ፣ በሰፌድ ቀርቦለት እንኳ አያይም። ልጆቹ የሚያውቁትን ጠይቆ የሚጀምር ግን የሳይንስ ትምህርቱም ይሰምርለታል።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በተቋማችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለእንጉዳይ ናሙና ይሰጥ። ለማስተማር ልምምድ የሚወጣ እጩ መምህር ሁሉ በክረምት ወራት ያገኘውን መዝግቦ ያምጣ። የሳይንስ መምህሮቻችንም ሚዛን የሚደፋውን መርጠው ወደ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ቢልኩልን ድካማችን ፍሬ ያገኛል። ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ለአገር መዝገብ አዲስ የሆነ ዝርያ ያስመዘግብ ይሆናል። ባያስመዘግብም ግድ የለም፤ ከባሕር ዛፉ ሥር የበቀለውን ልጆች ከመብላታቸው በፊት የሚጠይቅ መምህር በየቀበሌው ከተገኘ፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።