ማየትም ይከፈልበት

አሮጌ ቪትዝ መንገድ ላይ መዋለል ሲጀምር ባለቤቱ የሚወቅሰው መሪውን ነው። እጁ ያለው እሱ ላይ ነዋ። ጋራዥ ሲገባም ሥራው የሚጀመረው ከፊት ነው፤ ቴስቲኒ ይቀየራል፣ አላይመንት ይሠራል፣ አልስተካከል ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ይቀየራል። ብሩ ያልቃል፤ መኪናው ያው ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ከኋላ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም።

የእኔው መኪና እንዲህ ባደረገኝ ሰሞን ከአንድ ወጣት መካኒክ ጋር የተባባልነውን አልረሳውም።

«ጋሼ፣ ቴስቲኒው ነው። እንቀይረው?»

«የኋላውን አየኸው?»

«የኋላው ምን ይሆናል ብለው ነው? እሱ እንደሆን አይዞር!»

እውነቱን ነው፣ አይዞርም፤ መዞርም የለበትም። ችግሩ የሚመጣው መዞር ሲጀምር ነው።

የቪትዝ የኋላ እግር አሠራሩ ቀላል ነው። ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የያዙ ሁለት ክንዶች አሉ፤ በመሀላቸው የሚያገናኛቸው መጠምዘዝ የሚችል ብረት ተጋድሟል። ክንዶቹ በፊት ጫፋቸው እያንዳንዳቸው በአንድ ትልቅ ጎሚኒ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራሉ። የቀረው ሞላና አሞርዛተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣው ፎልክስዋገን ጎልፍ ወዲህ ብዙ ትናንሽ መኪኖች በዚህ መንገድ ተሠርተዋል፤ ርካሽ ነው፣ ቦታ አይወስድም፣ የሚበላሽ ክፍሉም ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ጎሚኒዎች ሲያረጁ፣ ላስቲኩ ከብረቱ ሲላቀቅ፣ ኩርባ ላይ የሚመጣው የጎን ጉልበት አክስሉን በሙሉ በትንሹ ያዞረዋል። ያኔ የኋላ ጎማዎች በራሳቸው ፈቃድ መሪ ይሆናሉ።

ይህ ከመቀመጫው ሆነው ሲያዩት እንዲህ ነው። መሪውን ያዞራሉ፤ ፊቱ ወዲያው ይታዘዛል፤ ኋላው ግን ትንሽ ቆይቶ፣ ረገጥ አድርጎ ይከተላል። በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ መስመር ሲቀይሩ ጭራው አንዴ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ከዚያ ይረጋጋል። ከጎን ንፋስ ሲመጣማ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከነዳጁ ላይ እግርዎን ሲያነሱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ፍሬን ሲይዙም እንዲሁ። የከተማ ውስጥ ነጂ ይህን ሁሉ ላያስተውለው ይችላል፤ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ እጁ ይለምደዋል። መኪናውን ለሌላ ሰው አንድ ቀን ይስጡት፤ እሱ ይነግርዎታል።

ግን ጎሚኒው ላይ ከመፍረድ በፊት ጎማው ይታይ። ነፋሱ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ፤ መጠኑ በነጂው በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል። ከዚያ መዳፍን በኋላ ጎማዎቹ ጥርስ ላይ ማሳለፍ ነው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩ ጎማውን መሬት ላይ መያዝ ትቷል ማለት ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዳብሱት ለስልሶ ወደ ሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው ወደ ጎን እያየ ነው የሚሄደው። ነገሩ ከጎማው ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ሲቀያይሩት ጠባዩም አብሮ ይቀየራል። (በነገራችን ላይ፣ ያለቁትን ጎማዎች ወደ ኋላ የማዞር ልማዳችን መጥፎ ነው። ፊቱ ሲንሸራተት ነጂው እግሩን አንስቶ ሊያርመው ይችላል፤ ዝናብ ላይ ጭራው ካመለጠ ግን አብዛኞቻችን አንመልሰውም።)

ቀጥሎ በክሪክ ማንሳት ነው፤ ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ፣ ድጋፍ ይደረግበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ የኩሽኔታውን ክፍተት ያሳያል። አሞርዛተሩ ዘይት አርሶት ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ለጎሚኒው እኔ የምወደው ፍተሻ ቀላል ነው፦ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ አንድ ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ይሞክረው፤ ሌላው ከጎን ሆኖ የኋላውን ጎማ ይመልከት። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ነውና፣ ጎማው ሳይሽከረከር በመኪናው አካል ክፍተት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ አክስሉ ተፈቷል። ላስቲኩ ላይ የሚታይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብቻውን አያስፈርድም።

አላይመንትስ? የቪትዝ የኋላ እግር ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ ከኋላ የተለካው ቁጥር ካልተስማማ የሚዞር ቡሎን አይፈለግም፤ አንድ ነገር አርጅቷል ወይም ጉድጓድ ላይ ተጣሟል። የፊቱን ብቻ አስረው «ተስተካክሏል» የሚሉን ቦታዎች መሪውን ያቃኑልናል፤ መኪናው ግን በጎኑ መሄዱን አይተውም።

መካኒኮቹን ብቻ መውቀስ ግን አልፈልግም። እኛ የምንከፍለው ለመቀየር ነው፤ ለማየት አንከፍልም። ግማሽ ሰዓት መኪና ሥር ተኝቶ «ከፊት ምንም የለበትም፣ የኋላው ጎሚኒ ነው፣ ሶማሌ ተራ ፈልገው ያምጡ» ያለውን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንሄዳለን። ቴስቲኒ የቀየረው ግን የእጁን ይቀበላል። በዚህ ሒሳብ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? እንግዲህ ጋራዥ ስንገባ የማየቱን ዋጋ ለብቻው እንነጋገር፤ መቀየሩ በኋላ ይመጣል። መኪናውን በሌላ እንተካው ማለትም ቀላል አይደለም፤ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የመጀመሪያው ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእጃችን ያለው ገና ብዙ ሊያረጅ ነው።

መኪናውን በስፔሰር ከፍ ያስደረገ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ። ኋላው ሲነሳ ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ጎሚኒው ቆሞ እያለም እንደተጠመዘዘ ይኖራል፣ አሞርዛተሩም ወደ መጨረሻ ርዝመቱ ተጠግቶ ይሠራል። ከጉድጓድ ሲወጡ የሚሰማው ኳኳታ አንዳንዴ ከዚህ ነው። ለጉድጓዱ ብለን እናነሳዋለን፤ ጎሚኒው ይከፍላል።

ጎሚኒው ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። የተነቀለው በየት አቅጣጫ ተቀምጦ እንደነበር ምልክት ይደረግ፤ አንዳንዱ ጎሚኒ ሲዞር ሥራውም ይዞራልና። ቡሎኖቹ የመጨረሻውን የሚጠብቁት ደግሞ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲይዝ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መሬት ሲወርድ አዲሱ ላስቲክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። መካኒኩ ክሪክ ላይ አጥብቆ ከጨረሰ ፈትቶ እንደገና እንዲያጠብቀው ይጠይቁት። ይነጫነጫል። ያጥብቀው።