ሐውልቱ የቆመው ለየትኛው ዶንግ-ወን ነው?

በደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ በቡሳን፣ ከሳጂክ ቤዝቦል ስታዲየም ደጃፍ የአንድ ኳስ ወርዋሪ ሐውልት ቆሟል። ቾይ ዶንግ-ወን ይባላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2011 በአንጀት ካንሰር ሲያርፍ ገና የ53 ዓመት ሰው ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሞተ በ16ኛው ቀን የቀድሞ ክለቡ ሎቴ ጃያንትስ 11 ቁጥር ማሊያውን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው በይፋ አስቀመጠለት። ሐውልቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተመረቀ።

ክብሩ ይገባዋል፤ እንዲያውም ያንሰዋል። ግን ይኸው ክለብ በኖቬምበር 1988 ይህንኑ ሰው ለተቀናቃኙ ለሳምሱንግ ላየንስ አሳልፎ ሰጥቶት የለም ወይ? ለምን ሰጠው? በሕይወት በነበረባቸው በቀሩት ዓመታትስ ለምን አንድ ቀን እንኳ በአሰልጣኝነት አልጠራውም?

መጀመሪያ ክንዱ ምን እንደሠራ እንይ። በቤዝቦል የወርዋሪው ትከሻና ክርን በእያንዳንዱ ውርወራ ይጎዳሉ። ስለዚህ በዛሬው አሠራር ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ መቶ ገደማ ኳስ ወርውሮ ይወጣል፤ ከዚያ አራት አምስት ቀን ያርፋል። በ1984 ዶንግ-ወን ምን አደረገ? ሎቴ በመደበኛው የውድድር ዘመን ካሸነፋቸው 50 ጨዋታዎች 27ቱ በእሱ ስም ተመዘገቡ። 223 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ አሰናበተ። ይህን ቁጥር በኮሪያ ሊግ የሚያልፍ ሰው እስከ 2021 ድረስ አልተገኘም። ከዚያም የዋንጫው ፍልሚያ መጣ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል። ተጋጣሚው ሳምሱንግ የተሻለ ቡድን ነበረው፤ ጠንካራውን ኦቢ ቤርስን ሽሽት በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሆን ብሎ ለሎቴ እስከመሸነፍ ደርሷል። ሎቴን የሚያህል ቀላል ተጋጣሚ የለም ብሎ ማለት ነው።

ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 9 በአሥር ቀን ውስጥ ሰባት ጨዋታ ተደረገ። ዶንግ-ወን በአምስቱ ወረወረ፤ በድምሩ 40 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር)። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጋጣሚው አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኝ ጨረሰ። ሦስተኛውንም እሱ ብቻውን ጨርሶ አሸነፈ። አምስተኛውን እስከ መጨረሻው ወርውሮ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። በማግስቱ፣ አዎን በማግስቱ፣ በስድስተኛው ጨዋታ ተቀይሮ ገብቶ አምስት ኢኒንግ ወረወረና አሸነፈ። ከአንድ ቀን ዝናብ በኋላ ሰባተኛውን እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወረወረ። ቡድኑ 4 ለ 3 ተበልጦ ቆይቶ በስምንተኛው ኢኒንግ ዩ ዱ-ዮል ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ሆም ረን መታ፤ ጨዋታው 6 ለ 4 አለቀ። ሎቴ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። አራቱም ድሎች የአንድ ሰው ናቸው። በአንድ የኮሪያ የዋንጫ ፍልሚያ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ የለም።

በዚህ የማይደነቅ ማን አለ? እኔም እደነቃለሁ። ግን አሥር ቀን ሙሉ አንድን ክንድ የሚያነድ እቅድ ያወጣው ማን ነበር? ተጫዋቹ እሺ ማለቱ ይበቃል? የቡሳን ልጅ በቡሳን ክለብ፣ አሰልጣኙና ከተማው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያዩት፣ «አልችልም» የሚልበት ምን መንገድ ነበረው? ሜይ 16 ቀን 1987 ከሃይታይ ታይገርስ ኮከብ ከሱን ዶንግ-ዮል ጋር 15 ኢኒንግ ተፋልመው 2 ለ 2 ሲለያዩስ? በዚያ ቀን ዶንግ-ወን 209 ኳስ ወረወረ፤ ሱን 232። ለዚህ ጨዋታ በ2011 ፊልም ተሠራለት። ሁለት አሰልጣኞች ሁለት ወጣቶችን ይህን ያህል ሲያስወረውሩ የቡድኖቹ ሐኪሞች የት ነበሩ?

ዋናው ጥያቄ ግን ከሜዳው ውጭ ነው። የኮሪያ ፕሮፌሽናል ሊግ በ1982 የተቋቋመው በቹን ዱ-ህዋን ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ነው፤ ክለቦቹም የትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ያኔ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደሚፈልገው ክለብ የመሄድ መብት አልነበረውም፤ ይህ የመጣው በ1999 መጨረሻ ነው። ክለቡ ካልለቀቀው ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፤ በተባለው ደመወዝ መጫወት፣ አለዚያ ማቆም። በ1987 የሰኔው ሕዝባዊ አመፅ አገዛዙን አንበረከከ፤ በዚያው ክረምት በመላ አገሪቱ ፋብሪካዎች የሠራተኛ ማኅበራት እንደ አሸን ፈሉ። በቀጣዩ ክረምት አንድ የሃይታይ ወርዋሪ በመኪና አደጋ ሞተ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን ጠየቁ፤ እኛ ብንሞት፣ ብንሰበር፣ ቤተሰባችንን ማን ያያል?

የሴኦል ኦሊምፒክ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ በሴፕቴምበር 1988፣ ተጫዋቾቹ ማኅበር ለመመሥረት ተሰበሰቡ። መሪ አድርገው ያስቀመጡት ዶንግ-ወንን ነበር። ለምን እሱ? እሱ በሊጉ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ ነው። ማኅበሩ ለእሱ ኪስ ምንም አይጨምርም። የሚጠቅመው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለሚውለው፣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ለማይወጣው ተጫዋች ነው። የሚያጣው ያለው ሰው ምንም ለሌለው ሲል ከፊት መቆሙ ከአርባው ኢኒንግ በምን ያንሳል?

ክለቦቹ በአንድ ድምፅ መለሱ፤ የማኅበሩን መሪዎች ውል አናድስም አሉ። ማኅበሩ ፈረሰ። በኖቬምበር ሎቴ ዶንግ-ወንን ለሳምሱንግ ሰጥቶ በምትኩ የሳምሱንግን ዋና ወርዋሪ ኪም ሺ-ጂንን ወሰደ። በዲሴምበርም ሁለቱ ክለቦች ኪም ዮንግ-ቾልንና ጃንግ ህዮ-ጆን ተለዋወጡ። ብዙ ኮሪያውያን ይህን እስከ ዛሬ የሚያነሡት እንደ ቅጣት ነው።

ለክለቡ የሚቆም ሰው የሚለውን አውቃለሁ። ክንዱ አልቆ ነበር፤ በሳምሱንግ ሰባት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ1990 ጫማውን ሰቀለ፤ ዝውውሩ የስፖርት ውሳኔ ነበር ይላል። እሺ እንበል። ታዲያ በ1988 ለሎቴ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ሰባት ያሸነፈው፣ ሦስት ብቻ የተሸነፈው የማን ክንድ ነው? ያለቀ ወርዋሪ ከሆነ ሳምሱንግ የገዛ ኮከቡን ሰጥቶ ለምን ወሰደው? ክንዱ በእርግጥ አልቆስ ከሆነ፣ የጨረሰው ማን ነው? ከ103 የሕይወት ዘመን ድሎቹ 96ቱን የተቀበለው ሎቴ ነው። በክንዱ ዋንጫ ወስዶ፣ በአንደበቱ ምክንያት ከትውልድ ከተማው አስወጥቶት፣ መልሶ ክንዱን ተጠያቂ ማድረግ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በ1991 በቡሳን ለአካባቢ ምክር ቤት በተቃዋሚ ፓርቲ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅቶች ላይ ታየ። ኋላ ያሠራው ሃንህዋ ኢግልስ ነው፤ የሁለተኛ ቡድኑን አሰልጥኗል። ሎቴ ግን በ1992 ከወሰደው ሁለተኛ ዋንጫ ወዲህ አሸንፎ አያውቅም፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አሰልጣኝ ሲያፈራርቅ የዋንጫ ባለቤት ያደረገውን ሰው ስም ማን ረሳው? ወይስ አልተረሳም፣ ተከልክሎ ነበር?

ማኅበሩ ዳግም የተመሠረተው በ2000 ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ወርዋሪው ሶንግ ጂን-ዉ ነበር። ክለቦቹ ያኔም አባላቱን እናባርራለን ብለው ዛቱ። በማኅበሩ ጉዳይ ጎልተው ከወጡት አንዱ የሎቴው መቺ ማ ሄ-ዮንግ ነበር፤ በ1999 የሊጉ ምርጥ የመምታት አማካይ የእሱ ነው። በ2001 መጀመሪያ ሎቴ ሸኘው። ወደየት? ወደ ሳምሱንግ። ከ12 ዓመት በኋላ ያው ክለብ፣ ያው መንገድ። ይህንንም አጋጣሚ እንበለው?

ከ2014 ጀምሮ በዶንግ-ወን ስም የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ይሸለማል። መመዘኛው የወረወረው ኢኒንግ፣ ያሸነፈው ጨዋታ፣ ያሰናበታቸው መቺዎች ብዛት ነው። ሽልማቱን ያቋቋሙት ሰዎች ወዳጆቹ ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። ግን ለጓደኞቹ መብት ሲል ቦታውን ያጣው ዶንግ-ወን በየትኛው መመዘኛ ይቆጠራል? ዛሬ በወኪል የሚደራደረው፣ በነጻ ዝውውር የሚከብረው ወጣት ወርዋሪ በሳጂክ ደጃፍ ሲያልፍ፣ ያ ሰው ለእሱ ምን እንደከፈለለት ማን ይነግረዋል?

ጥያቄው አሁንም ለሎቴ ነው። በኖቬምበር 1988 ያንን ዝውውር ያዘዘው ማን ነው፤ በምን ምክንያት? ኪም ሺ-ጂንን የመሰሉ የዚያ ዘመን ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ ክለቡ የራሱን ሰነድ አውጥቶ «ይህን ያደረግነው ማኅበር ስለመሠረተ ነው፤ በደል ነበር» ብሎ በራሱ ስም ለመጻፍ ምን ያግደዋል?