አመድም የሚስቅበት ምክንያት አለው

«አመድ በዱቄት ይስቃል» ይላሉ አበው። ተረቱ የራሱን ጉድለት ሳያይ በሌላው የሚሳለቀውን ሰው ለመገሠጽ የተነገረ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እንጅባራ ላይ ሆነን ነገሩን ስንመለከተው፣ አመድ የሚስቅበት በቂ ምክንያት ያለው ይመስለናል። ዱቄቱ የሚገኝበት እህል በአሲዳማ አፈር ላይ እየቀጨጨ፣ ያንን አሲድ ሊያረግብ የሚችለው አመድ በየማለዳው ከምድጃ እየተዛቀ በየቦዩ ይደፋልና።

በአዊ ዞን፣ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ጭምር፣ የአፈር አሲዳማነት የቆየ ችግር ነው። ብርቱው የክረምት ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉትን ማዕድናት ለረጅም ዘመን ከአፈሩ አጥቦ ወስዷል፤ ከቀረውም በየመኸሩ ከሰብሉ ጋር አብሮ የሚሄድ አለ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፤ ፎስፎረስም ተክሉ ሊወስደው በማይችልበት መልክ ይታሰራል። ከ7 እስከ 5 ያለው ልዩነት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ተማሪ ቢኖር፣ ፒኤች በሎጋሪዝም የሚለካ መሆኑን ያስታውስ። በፒኤች 5 ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን በፒኤች 7 ካለው 100 እጥፍ ነው።

እንጨት ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ካልሲየሙና ፖታሲየሙ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ካልሲየሙ በብዛት የሚገኘው በካርቦኔት መልክ ነው፤ ይህም የግብርና ኖራ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ማረጋገጥ የሚሻ ተማሪ በአንድ ማንኪያ አመድ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርግበት፤ ሲፍለቀለቅ የሚታየው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እናቶቻችን ጎመኑን አመድና ፍግ በሚደፋበት የጓሮ መሬት ላይ ሲተክሉ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የጎደለው ልኩ ነው። አመድ ሲበዛ አፈሩን ከመጠን በላይ አልካላይን ያደርገዋል፤ የድንችን እከክ ያባብሳል፤ ከዩሪያ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ በገንዘብ የተገዛው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ስለ ልክ ካነሣን ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ሕዝባችን የፕላስቲክ ጠርሙሱን በመጀመሪያ በታሸገበት ውኃ ስም «ሃይላንድ» ብሎታል፤ ከረጢቱንም ይዞት በመጣው ነገር «ማዳበሪያ» ብሎ ጠርቶታል። ሁለቱም ባዶ ሲሆኑ ይጣላሉ። እንጅባራ በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ እንደ መሆኗ፣ በበጋ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ችግኝን ይለበልባል። ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ሌሊት ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ፣ 2 × 4.2 × 15 = 126 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል። ይህ በ10 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ 3.5 ዋት ገደማ ይሆናል። አንድ ካሬ ሜትር መሬት በዚያው ሌሊት 75 ዋት ወደ ሰማይ ያፈሳል ብንል፣ በመደቡ ላይ የተጋደመ አንድ ጠርሙስ ፋይዳው እምብዛም ነው። ችግኙ የያዘው ቦታ 20 በ20 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ግን የሚፈሰው 3 ዋት ነው፤ ከላይ በማዳበሪያ ከረጢት ቢሸፈን ጠርሙሱ ሊያድነው ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው ስሌቱ ነው፤ ዕቃው ያው ነው።

ታዲያ የወደቀ ዕቃ ሁሉ ለጓሮ ይሁን ማለታችን አይደለም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ውኃ ማጠጫ ሊሆን አይገባውም። የባትሪ ድንጋይም በጎመን መደብ ውስጥ ቦታ የለውም። ላስቲክ የተቃጠለበትንም አመድ ከምድጃ አመድ መለየት ግድ ነው። ከረጢቱ ራሱ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ መሰባበር ከጀመረ ክሩ አፈሩ ውስጥ ሳይበተን መነሣት አለበት።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የድህነት ብልሃት አድርገው ይመለከቱታል። እኛ በዚህ አንስማማም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። ከየከተማው ቤት ከሚወጣው ጥራጊ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የምግብ ትርፍራፊና የሚበሰብስ ነገር ነው፤ በየጓሮው ብስባሽ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ክምሩ በዚያው ልክ ባነሰ ነበር። የጣልነው ነገር አይጠፋም፤ ቦታ ለውጦ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይቆለላል።

ስለዚህ የፊዚክስም ሆነ የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን የቤተ ሙከራ መሣሪያ እስኪሟላ መጠበቅ አይገባቸውም እንላለን። ሁለት የጎመን መደብ፣ አንዱ አመድ የገባበት ሌላው ያልገባበት፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ይበቃሉ። በሳምንት አንድ ቀን የቅጠሉን ርዝመት ለክቶ መመዝገብ ነው። ውጤቱ ከጠበቅነው ቢለይም ደብተሩ ይያዝ፤ ሳይንስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።